የጠበቃ ድክመት ብቻውን ፍርድ ያሽራልን?

አወያይ (ሐዋሳ)፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው፤ ተከሳሽ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ «ጠበቃዬ በአግባቡ አልተከራከረልኝም» በሚል ምክንያት ብቻ ይግባኝ ቢል፣ ፍርዱ ሊሻርለት ይገባል?

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦ አይገባም። የተፈረደበት ሰው ሁሉ ጠበቃውን መውቀስ ይቀናዋል፤ ይህ በር ከተከፈተ የሚዘጋ መዝገብ አይኖርም። በአሜሪካ እንኳ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 በስትሪክላንድ ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ፣ ይግባኝ ባዩ የጠበቃው ሥራ ከሙያው ደረጃ በታች እንደነበረና ያ ጉድለት ባይኖር ውጤቱ ሊለወጥ ይችል እንደነበረ ማስረዳት አለበት። ጠበቃው አንድን ምስክር ያልጠራው አስቦበት ከሆነ ፍርድ ቤት በስልቱ አይገባም።

ጠበቃ፦ ጋሼ፣ መመዘኛውን አልቃወምም፤ ጥያቄዬ በምን እንለካዋለን የሚል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) አቅም የሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ሁኔታ፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይደነግጋል። በተግባር የማየው ግን፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ጠበቃው ደንበኛውን መጀመሪያ የሚያገኘው ችሎት በር ላይ መሆኑን፣ የክስ ማመልከቻውንም ቆሞ ማንበቡን ነው። ዋናው ምስክር ተሰምቶ ሲያበቃ መዝገቡ ላይ የምትሰፍረው «መስቀለኛ ጥያቄ የለም» የምትል አንዲት መስመር ናት። ስልት ይሁን ዝግጅት ማጣት፣ ይግባኝ ሰሚው ከዚያች መስመር ሊለየው አይችልም።

የታሳሪ እህት፦ የእኛ ጉዳይ እዚያም አልደረሰ። ወንድሜ በተፈረደበት ሳምንት ጠበቃው «እኔ አስገባለሁ፣ እናንተ አትጨነቁ» አለን፤ ከዚያ ስልኩን አላነሳም። የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ያወቅነው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦ እህቴ፣ ይህስ ሌላ ነው። ቀኑ በጠበቃ ቸልተኝነት ካለፈ ይግባኙ ከጊዜ ገደቡ ውጭ እንዲፈቀድ ማመልከት ይቻላል፤ እኔም ብሆን አልቃወምም። መዘግየትን መፍቀድ ግን ፍርድን ከመሻር ይለያል።

የሕግ ተማሪ፦ ታዲያ ጠበቃው ምንም አለመሥራቱ የሚታየው ከመዝገቡ ውጭ ከሆነ፣ ይግባኝ ሰሚው ተጨማሪ ማስረጃ ቢሰማስ?

ጠበቃ፦ እኔም የምለው ይኸው ነው፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉም በር አልዘጋም። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ የጎብኚዎች መዝገብ ካለ፣ ጠበቃው ከክርክሩ በፊት ደንበኛውን አንድ ቀን እንኳ አነጋግሮት እንደሆነ ያሳያል። አንድም ጊዜ ካልጎበኘው፣ ስለ ስልት ማውራታችን ለምንድን ነው?

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦ መዝገቡ ይቅረብ፣ እስማማለሁ። ሆኖም ጠበቃው ቢጎበኘው ኖሮ የትኛው ምስክር ምን ሊል ይችል እንደነበር ይግባኝ ባዩ ማሳየት አለበት፤ ያን ካላሳየ ፍርዱ ይጸናል።