ሬክቲፋየሩ የባትሪ ሙቀት 47 ነው ይላል፤ ቴርሞሜትሩ ግን 28

ሰላም የሙያ ወንድሞችና እህቶች። ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ በኩል አንድ የሞባይል ታወር እጠግናለሁ። ባለ 48 ቮልት ሬክቲፋየር (መብራቱን ወደ ዲሲ ቀይሮ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው መሣሪያ) እና በተከታታይ የተያያዙ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አሉት።

መብራት ሲጠፋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሳይቱ ይወድቃል፤ ኔትወርክ ይቋረጣል። ባትሪዎቹ አዲስ ናቸው፤ ችግሩ በደንብ ቻርጅ አለመደረጋቸው ነው። የቻርጅ ቮልቱ 54 እንዲሆን ሬክቲፋየሩ ላይ ተሞልቷል፤ ስለካው ግን 52.4 ነው። ሬክቲፋየሩ የባትሪውን ሙቀት 47 ዲግሪ ብሎ ስለሚያነብ ቮልቱን ራሱ ይቀንሳል። እኔ በቴርሞሜትር ስለካው 28 ነው። የክፍሉ ማቀዝቀዣ (ኤሲው) ም ይሠራል።

የሙቀት ሴንሰሩን ደህና ከሆነ ሳይት አምጥቼ ቀየርኩት፤ ንባቡ ያው ነው። ገመዱንም ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ሬክቲፋየሩ ላይ ቮልቱን እንደ ባትሪው ሙቀት የሚቀንሰውን ማስተካከያ ሳጠፋው ቮልቱ 54 ይገባል። ግን በድሬ ሙቀት ኤሲው አንድ ቀን ቢቆም ባትሪው ያብጣል፤ እንደጠፋ ትቼው መሄድ አልደፍርም። ሳይቱ እንዲሁ ይቆይ እንዳልል ደግሞ፣ እዚያ ሰፈር ምጥ ሲመጣ አምቡላንስ የሚጠራው በዚሁ መስመር ነው።

አሁን የምጠረጥረው ወይ የመቆጣጠሪያ ቦርዱን ነው፣ ወይ እሱ ላይ የተሞላውን የሴንሰር ዓይነት። ቦርዱን ሳልቀይር ጥፋቱ የትኛው ላይ እንደሆነ በምን ልለየው?