የዕቅድ ውይይት፦ የሞጆን የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በቡና ገለፈት ማጣራት

ሰብሳቢ፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ደርሷችኋል። ዓላማው ላይ «ከባድ ብረቶችን ሁሉ» ይላል። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም ባንድ ጊዜ ይዘን የትም የምንደርስ አይመስለኝም። ሐሳብ ስጡበት።

የላብራቶሪው አባል፦ ልክ ነዎት፣ ክሮሚየም ብቻውን ይበቃናል። ቆዳ ለማልፋት ከሚገባው የክሮም ጨው ሲሶ ያህሉ ቆዳው ሳይዘው ከውሃው ጋር ይወጣል። የሞጆ ወንዝ ደግሞ የሚገባው ቆቃ ሐይቅ ነው። ረቂቁ ላይ አንድ ስህተት አለ፦ በፒኤች 2 እንሠራለን ይላል (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል አሲድነቱ ይበረታል)። እሱ ክሮሚየም 6 ለሚባለው የክሮሚየም ዓይነት ነው። ከማልፊያው በርሜል የሚወጣው በአብዛኛው ሌላው ዓይነት፣ ክሮሚየም 3 ሲሆን፣ ገለፈት ደህና አድርጎ የሚይዘው ከ4 እስከ 5 ባለው ፒኤች ነው። ከ6 ሲያልፍ በራሱ መዝቀጥ ይጀምራል፤ ያኔ «ገለፈቱ ያዘው» ብለን ራሳችንን እንዳናታልል።

የሞጆው አባል፦ እኔ ላብራቶሪ አላውቅም፣ ፍሳሹን ግን አውቀዋለሁ። ጨው አለበት፣ ስብ አለበት፣ ጸጉር አለበት፤ ጠረኑንስ ተዉት። በተጣራ ውሃ ውስጥ ክሮም በጥብጣችሁ የምታገኙት ውጤት እኛ ዘንድ አይሠራም። ሙከራው ከፋብሪካው በተቀዳ ውሃ ይሁን።

የላብራቶሪው አባል፦ ተቀብያለሁ። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በኖራ ማዝቀጥ፣ ገለፈቱ የተረፈውን ይልቀም። ኖራ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርገው በመሃል በአሲድ መመለስ ግድ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦ አሲዱ በጀት ውስጥ የለማ! ገለፈቱም «በነጻ» ተብሏል። ገለፈቱ በነጻ ይገኝ ይሆናል፣ ከጅማ የሚያመጣው መኪና ግን በነጻ አይሄድም። የጤፍ ጭድ እዚያው ሞጆ ባለችበት ሉሜ ወረዳ የለም እንዴ?

የሞጆው አባል፦ ሞልቷል፤ ግን ጭድ የከብት ቀለብ ነው፣ ለጭቃ ቤትም ይፈለጋል። ገበሬው በነጻ አይሰጥዎትም።

የአካባቢ ጤና ባለሙያዋ፦ ይቅርታ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ክሮም የጠገበው ገለፈት የት ይሄዳል? ረቂቁ «ይወገዳል» ብሎ አልፎታል። ደርቆ ሜዳ ላይ ከተከመረ ሰው ማገዶ ያደርገዋል። ክሮሚየም 3 ከእንጨትና ከገለፈት አመድ ጋር ሲቃጠል ከፊሉ ወደ ክሮሚየም 6 ሊለወጥ ይችላል፤ ካንሰር አምጪው እሱ ነው። ወንዙን አጸዳን ብለን ጭሱንና አመዱን ምድጃ ዳር ለተቀመጡት እናቶች ልንሰጣቸው ነው? ክሮሙን ከገለፈቱ በአሲድ አጥቦ ወደ ማልፊያው መመለስ ይቻል እንደሆነ ይሞከር፤ ገለፈቱም ስንት ዙር እንደሚቆይ ይለካ። ይህ ካልተጻፈ ስሜን አውጡልኝ።

ሂሳብ ያዥ፦ እንደገና አሲድ።

ሰብሳቢ፦ አዎ፣ እንደገና አሲድ። «በርካሽ» የሚለውን ቃል ከርዕሱ አውጥቼዋለሁ፤ ሂሳቡ ሲወጣ ይመለስ ይሆናል። እህቴ፣ ስለ ገለፈቱ ማረፊያ የሚለውን ክፍል እርስዎ ይጻፉልን፤ ከበጀቱ በፊት ይገባል።

የአካባቢ ጤና ባለሙያዋ፦ እጽፋለሁ። ገጽ ግን እንዳትገድቡብኝ።