የጋራ ማመልከቻ ሦስተኛ ረቂቅ፦ የቅሬ መዝገቡን «የልማት ጥገኞች» ማደስ

ጸሐፊ፣ ረቡዕ ረፋድ 4፡10
ሦስተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። እሑድ የቅሬው (የእድሩ) ዳኞች ፊት ይቀርባል፣ ቅዳሜ ማታ ይታተማል። ፍሬ ነገሩ፦ መዋጮ የሚቀበለው፣ ሰው ሲሞት መልእክት የሚልከው የቅሬ መዝገብ ፕሮግራማችን የልማት ጥገኞች፣ ማለትም እሱን ስንሠራ የምንገለገልባቸው የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች (ዌብፓክ፣ ኢኤስሊንት፣ ጄስት፣ ኖድ ሳስ፣ ሌሎቹም) ከ2013 ወዲህ አልተነኩም። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ ለማደሻ ይሁን፤ ለሁለት ሰው አበልና ለዳታ በዓመት 24,000 ብር ይፈቀድ። ለምን እንደቆመ ሁላችሁም ስለምታውቁ አልዘረዘርኩም። እስከ ዓርብ ያላችሁን በሉ።

ቦርከና፣ 4፡32
ብሩ ላይ አልጨቃጨቅም። ግን «ማደሻ» ምን እንደሆነ ጻፈው። ባለፈው አንዱ ኤንፒኤም (ፓኬጆቹን የሚያወርደው ፕሮግራም) ላይ አፕዴት ብሎ ሲያበቃ አድሻለሁ ብሎ አበል ጠይቆናል፣ ስም አልጠራም። የፓኬጁ እትም ቁጥር ፊት ያቺ ኮፍያ የምትመስለው ምልክት እስካለች ድረስ አፕዴት የሚያነሣው በዚያው ዋና ቁጥር (ከነጥቡ በፊት ባለው) ውስጥ ያለውን ነው። ዌብፓክ 4 እስከ ምጽአት 4 ነው። ኤንፒኤም አውትዴትድ ስትሉት ሦስት የቁጥር ዓምድ ያወጣል፦ የተጫነው፣ በፈቀዳችሁት ልክ የሚመጣው፣ የመጨረሻው። የእኛ ሥራ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ነው። እሱ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ አያልቅም።

የሐይቅ ልጅ፣ 4፡40
ዝርዝሩን ለእኔ ተዉት። አውትዴትዱን አስሮጬ ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ።

ቧንቧ ውሃ፣ 5፡05
አዲስ ገቢ ብሆንም የተቃጠልኩበትን ልናገር። ላፕቶፔ ላይ ያለው ኖድ (እነዚህን ሁሉ የሚያስኬደው ፕሮግራም) እትም 20 ነው። መዝገቡን አውርጄ ቢልድ ስለው «ዲጂታል ኤንቨሎፕ ሩቲንስ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተፋብኝ። ፖስታ እዚህ ምን አገባው ብዬ ሁለት ሌሊት አደርኩበት። ለካ ዌብፓክ 4 ፋይሎቹን የሚለየው ኤምዲ4 በሚባል አሮጌ ስሌት ነው፤ ኖድ ደግሞ ከ17 ጀምሮ ኦፕንኤስኤስኤል 3ን ይዞ ስለመጣ ያንን ስሌት አያስገባም። ሌጋሲ ፕሮቫይደር የምትል ማለፊያ ጨምሬ እሱን ሳልፍ ኖድ ሳስ ያዘኝ፤ ፓይተን አምጣ፣ ኮምፓይለር አምጣ። መጨረሻ ላይ ቦርከና ኖድ 14ን በፍላሽ ሰጠኝ፣ ሠራ። የ14 ድጋፍ እኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው ያበቃው። ይሄ ማመልከቻው ውስጥ ይግባልኝ።

ጦሳ ሥር፣ 5፡20
እሱ ይግባ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። «የልማት ጥገኞች» የሚል ርዕስ ይዛችሁ ነው ዳኞቹ ፊት የምትቆሙት? ወሎ ውስጥ? እነዚያ ሰዎች 66ንም 77ንም በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ለስንዴ መሰለፍን ያውቁታል። ልማትና ጥገኛ ጎን ለጎን ተጽፎ ሲያዩ የሚመጣባቸው ምን ይመስላችኋል? ኢኤስሊንት?

ጸሐፊ፣ 5፡31
ቃሉ የታወቀ ቃል ነው። እንግሊዝኛውን፣ ዴቭ ዲፔንደንሲን፣ በቀጥታ ነው የመለስኩት። ወደ ብሩ እንመለስ።

ወልድያ መናኸሪያ፣ 5፡36
ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይም «የአንጀት ጥገኛ ትላትል» ይላል። መዝገቡ ኮሶ ይጠጣ ብለው እንዳይወስኑብን።

ጦሳ ሥር፣ 5፡38
እኔ አልቀለድኩም።

ቦርከና፣ 5፡52
ትሉን ተዉትና ቃሉ ራሱ የተገለበጠ ነው። ጥገኛ ማለት የሚጠጋ ነው፣ የሚጠጉት አይደለም። ዌብፓክ እኛን ተጠግቶ አያውቅም፣ መኖራችንንም አያውቅ። የተጠጋነው እኛ ነን። ስለዚህ «የልማት ጥገኞችን ማደስ» ካልን እኛን አድሱን ማለታችን ነው። እሱም አይከፋም ነበር።

ጸሐፊ፣ 6፡10
«ጥገኝነት» ይሁን?

ወልድያ መናኸሪያ፣ 6፡11
ጥገኝነት የሚጠየቀው ስዊድን ነው።

ጸሐፊ፣ 6፡15
«ደጋፊ»?

ወልድያ መናኸሪያ፣ 6፡15
የማን ክለብ?

ቧንቧ ውሃ፣ 7፡02
አባቴ ግንበኛ ነው። ፎቅ ሲሠራ ባሕር ዛፍ ያቆማል፣ ሳንቃ ያጋድማል፣ ላዩ ላይ ሆኖ ይገነባል፣ ሲያልቅ ይነሣል። መወጣጫ ነው። ዴቭ ዲፔንደንሲ የሚባለውም ያው ነው፤ ቅሬው የሚከፍተው ገጽ ውስጥ ጄስት የለም፣ ኢኤስሊንት የለም፣ እኛ ስንሠራ ብቻ ነው የሚቆሙት። «መወጣጫ» በሉት። አብሮ የሚሄደውን ደግሞ «ማገር»።

ጦሳ ሥር፣ 7፡10
መወጣጫ ያምራል። ድምፄን ሰጠሁ።

ጸሐፊ፣ 7፡14
ማነው ድምፅ ይሰጥ ያለው? ማኅበሩ ውስጥ «መወጣጫ» ብሎ የጻፈ የለም። ዳኞቹ ግንባታ ልትጀምሩ ነው ወይ ቢሉኝ ምን ልበል?

ገንዘብ ያዥ፣ ማታ 1፡20
ልጆች፣ ከቀትር ጀምሮ ሳነብ ነበር። ዳኞቹ ቃል አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ ይሄን ነው። መዝገቡ ዛሬ መዋጮ ይቀበላል? ይቀበላል። ሰው ሲሞት ለአባላቱ መልእክት ይልካል? ይልካል። ታዲያ ምኑ ነው የሚታደሰው? ለዚህ መልስ ስጡኝና ከዚያ በኋላ ቃሉ ላይ እደሩ።

ቦርከና፣ 1፡48
እትዬ፣ ትክክል ነዎት፣ ዛሬ ይሠራል። የሚሠራው ግን በእኔና በጸሐፊው ላፕቶፕ ላይ ነው። በ2014 ከደሴ ስንወጣ በጆንያ ጤፍ ውስጥ ያወጣነው ኖድ ሞጁልስ (የወረዱት ፓኬጆች ያሉበት ማኅደር) ነው እስከ ዛሬ በፍላሽ የሚዞረው። ኢንተርኔቱ በተዘጋበት ጊዜም እሱ አተረፈን፣ አይካድም። አሁን ግን ዳኞቹ ቅጹ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩልን ቢሉ ያንን የሚያደርግ ሰው ከሁለታችን ሌላ የለም። አንዳችን ላፕቶፕ ቢወድቅ ግማሹ አለቀ። ለዳኞቹ እንዲህ ይበሉልን፦ ቤቱ አለ፣ ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ እየሄደ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ 1፡55
ይሄ ገብቶኛል። ጻፉት።

ጦሳ ሥር፣ 2፡05
ስለዚህ መወጣጫ?

ወልድያ መናኸሪያ፣ ሐሙስ ጠዋት 2፡30
እኔ ሌላ ነገር አለኝ። መወጣጫ እያላችሁ ቀላል አታስመስሉት፣ «ቅሬው ጋ አይደርስም» የምትለውም ሐረግ ትውጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 ኢኤስሊንት ስኮፕ ላይ፣ ኢኤስሊንት በሚጠቀምበት ፓኬጅ ላይ፣ የሆነውን ታውቃላችሁ። ፓኬጁን ከሚያወጡት የአንዱ የይለፍ ቃል ተሰርቆ የተመረዘ 3.7.2 ወጣ፤ የጫነው ሁሉ የኤንፒኤም ቁልፉን ተዘረፈ። የተዘረፈው ደንበኛው ሳይሆን መወጣጫው ላይ የቆመው ግንበኛ ነው። መስከረም 2025 ደግሞ ቾክ፣ ዲበግ፣ ጠቅላላ 18 ፓኬጅ፣ በአንድ የማጭበርበሪያ ኢሜይል። «ሁልጊዜ ወዲያው እናድሳለን» የሚለው የረቂቁ 4ኛ አንቀጽ ይሰረዝ። አዲስ የወጣ ላይ አትሻሙ። አቦሉን ሌላ ይጠጣው፣ እኛ ቶናው ላይ እንገባለን። እነዚያ የተመረዙት በሰዓታት ውስጥ ነው የተነሡት፤ አንድ ሳምንት የታገሠ አልነካውም።

ቦርከና፣ 2፡41
እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ አልወድህም እንጂ። ሬኖቬት (አዲስ እትም ሲወጣ ማደሻ የሚያቀርበው ፕሮግራም) ላይ ይህን ያህል ቀን ጠብቅ ማለት ይቻላል። ዋና ቁጥር የሚቀይረው ሁሉ ደግሞ ለብቻው በአንድ ኮሚት (በአንድ የተመዘገበ ለውጥ) ይሁን፤ ሁሉን በአንዴ አንሥታችሁ ሲበላሽ የቱ እንዳበላሸው አታገኙትም። ሌላው ሰው ኤንፒኤም ሲአይ እንጂ ኢንስቶል አይበል፣ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ እትም የያዘውን ሎክ ፋይል እየበጣጠሳችሁብኝ ነው።

ጸሐፊ፣ 3፡00
4ኛው ወጥቷል። ርዕሱ ይቆያል።

ጦሳ ሥር፣ 3፡04
ርዕሱ አይቆይም። አያቴ ቃሉ ያለበትን ወረቀት ሲያይ የሚሆነውን አውቃለሁ። ኮረም የነበረ ሰው ነው። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ እኔ ቤት አለ።

ጸሐፊ፣ 3፡09
እኔ ቤትም አለ። ወሎዬነቱን ለብቻሽ አታድርጊው። ሦስት ረቂቅ ሌሊት ቁጭ ብዬ ጽፌ አንድ ሰው ስለ ይዘቱ አልተናገረኝም፣ ሁሉም ስለ አንድ ቃል። እንግዲያው ራሳችሁ ጻፉት። ፋይሉ ክፍት ነው።

ቧንቧ ውሃ፣ 3፡20
እኔ ስለ ይዘቱ ተናግሬ ነበር...

ገንዘብ ያዥ፣ 4፡45
ደወልኩለት። ይመለሳል። ልጄ፣ አንቺም ቀስ በይ፣ እሱ የማንንም አያት አልሰደበም። ግን ቃሉን እኔም አልወደድኩትም። አሁን ሌላ ጉዳይ፦ 24,000ው ውስጥ ለዳታ የተባለው እንዴት ነው የተሰላው?

ቦርከና፣ 4፡58
ማንም አላሰላውም እትዬ። አምስት ሰው እያንዳንዱ ላይ ያንኑ መቶ ሜጋ በመቶ ሜጋ ያወርዳል። ቨርዳቺዮ የሚባል አለ፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተተከለ አንዴ የወረደ ፓኬጅ እዚያው ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ሰው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከእሱ ይወስዳል። ሱቄ ያለችው አሮጌ ዴስክቶፕ ትበቃለች።

ወልድያ መናኸሪያ፣ 5፡02
ሱቅህ ያለው ኮምቦልቻ ነው።

ቦርከና፣ 5፡03
እና?

ወልድያ መናኸሪያ፣ 5፡03
እና ምንም። ወልድያ ሆኜ ከኮምቦልቻ በምን ልወስድ ነው፣ በሚኒባስ?

ጦሳ ሥር፣ 5፡10
ደሴ ይሁን። አባላቱ የሚበዙት እዚህ ነው።

ቦርከና፣ 5፡14
ማሽኗ የእኔ ናት። ደሴ ማሽን ካላችሁ ትከሉ።

ቧንቧ ውሃ፣ 5፡30
በየወሩ ስንሰበሰብ ፍላሽ ይዘን ብንቀዳስ? ከዚህ ኮምቦልቻ ምን አላት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መመለስ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ 6፡00
መብራት ሲጠፋ ማሽኗስ?

ቦርከና፣ 6፡06
ትጠፋለቻ።

ገንዘብ ያዥ፣ 6፡09
እንግዲያው ባትሪ ይገዛ። የሚታይ ዕቃ ከሆነ ዳኞቹ ይፈቅዳሉ። ቅዳሜ ቁጭ ብለው ኮምፒውተር ላይ ለሚያፈጡ ሰዎች አበል ከምል ባትሪ ብል ይቀለኛል፣ ደረሰኝም አለው።

ጸሐፊ፣ ዓርብ ማታ 3፡15
ተመልሻለሁ። ጦሳ፣ ትናንት ያልኩት ከልብ አልነበረም፣ ይቅር በይኝ። አራተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። ለውጦቹ፦ ርዕሱ «የመዝገቡ መሥሪያ ዕቃዎች እድሳት» ሆኗል፣ መወጣጫም ጥገኛም አይደለም። ባትሪ 15,000 ገብቷል። የቃላት መፍቻ አባሪ ተጨምሯል፣ ቧንቧ ውሃ ያዘጋጀው። ብሩ እንዳያልፍ የዓመት አራቱ ቅዳሜ ወደ አንድ ወርዷል። የኖድ 14 ጉዳይ አለ፣ የቁልፍ ቀራጩም ምሳሌ አለ። የሐይቅ ልጅ፣ የአውትዴትዱ ዝርዝር አባሪ 2 ነው፣ ባዶ ነው የተቀመጠው።

ጦሳ ሥር፣ 3፡22
አልተቀየምኩም፣ ይቅር ተባባልን። «መሥሪያ ዕቃ» ሲባል ግን አካፋና ዶማ ነው የሚመስለው።

ወልድያ መናኸሪያ፣ 3፡23
ያ ጀመዓ፣ በአላህ ይዛችሁ፣ ይብቃ።

ቦርከና፣ 3፡40
በአንድ ቅዳሜ ዌብፓክን ከ4 ወደ 5፣ ኢኤስሊንትን ወደ 9? ኢኤስሊንት 9 እኮ የድሮውን የቅንብር ፋይል በራሱ አያነበውም፣ ሁሉንም በአዲሱ መልክ እንደገና መጻፍ ነው። ኖድ ሳስን በተተኪው በሳስ መለወጥ ብቻ ነው በአንድ ቅዳሜ የሚያልቀው። እሱን ጻፉ፣ ሌላው «እንደ አቅም» ይባል።

ጸሐፊ፣ 3፡44
«እንደ አቅም» ተብሏል።

ቧንቧ ውሃ፣ ቅዳሜ ጠዋት 3፡10
የሐይቅ ልጅን ደወልኩለት፣ ዝግ ነው። ዝርዝሩን እኔ ላስሮጠው አልኩ፣ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ግን የፍላሹ ነው፣ ከሎኩ ጋር አይገጥምም። አባሪ 2 ይውጣ?

ጸሐፊ፣ 3፡25
ይውጣ። ወደ ማተሚያ ቤት ልሄድ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ 3፡31
ቆይ። ማኅተሙ የት ነው?

ቦርከና፣ 3፡33
ሱቅ ነው፣ ከደረሰኙ ጥራዝ ጋር።

ገንዘብ ያዥ፣ 3፡34
ታዲያ ከኮምቦልቻ ማን ይዞት ይወጣል?