የቅዳሜ እንግሊዝኛ ዕቅድ፦ የፈሊጥ ዝርዝሩ ይቅር ወይስ ይቆይ?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ እስከ አርብ ማለቅ አለበት። በእጃችን ያለው ረቂቅ ይሄ ነው። ከፋሲካ በኋላ ከሚያዝያ 10 ጀምሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለ8 ሳምንት። ከ9ኛ ክፍል በላይ ላሉ ልጆችና ለሠራተኞች። በየሳምንቱ 25 የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ከነትርጉሙ ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠየቃሉ። አስተያየት ያለው አሁን ይናገር። ማህተም ከተመታ በኋላ «እኔ እኮ ብዬ ነበር» የሚል ሰው መስማት አልፈልግም።

መምህሩ፦
እንግዲያው አሁኑኑ ልበል። 25 በ8 ሲባዛ 200 ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ደብተር ሙሉ ፈሊጥ ሸምድጃለሁ። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ነው፣ ቃል በቃል «ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው»፣ ዶፍ ወረደ ለማለት፣ እሱንም ደሴ ላይ ያ ሁሉ የክረምት ዶፍ ሲወርድ አንድ ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ፈሊጥ ያለ ወሬ አይያዝም። አማርኛውንስ ማን ሸምድዶ ተማረ? «እግሬ አውጪኝ» ምን ማለት እንደሆነ ያወቅነው አያቶቻችን ስለ አንድ የፈረጠጠ ሰው ሲያወሩ ሰምተን ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀለል ያለ ዜና ወይም አንድ የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ ይኑር፣ ከውስጡ ሁለት ሦስት ፈሊጥ ይውጣ። ይበቃል።

የኮምቦልቻዋ፦
መምህር ልክ ነው። የኔን ልንገራችሁ። ፋብሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር አለቃችን፣ የውጭ ሰው ነው፣ እጁን አጨብጭቦ «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» አለ። ኮል መደወል፣ ዴይ ቀን። ሁለቱንም ቃል አውቃቸዋለሁ እኮ! እኔና ጓደኞቼ የሚደወል ስልክ አለ ብለን ማሽኑ አጠገብ ተገትረን ቀረን። ሰውየው ለካ «ለዛሬ ይብቃን» ማለቱ ነው። ሰርቪሱ ጥሎን ሄደ። ያን ቀን ሰፈሬ ድረስ በእግሬ ስለተማርኩት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሃሃሃ። በእግር መማር። እኔ ግን የምፈራው ወላጅን ነው። ወላጅ ቅዳሜን የሚሰጠን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ብሎ ነው። ወሬና ጨዋታ ነው ከተባለ ልጁን ሱቅ ያስቀምጠዋል።

መምህሩ፦
ፈተናው ላይ እኮ ምንባብ አለ። ምንባቡ መሃል የማታውቀው ቃል ይመጣል፣ ከዙሪያው ገምተህ ታልፋለህ። በትንሽ ዜና የምንለማመደው ይህንኑ ነው። ለወላጅ «ምንባብ» በሉት፣ ውሸት አይደለም።

የሆጤው፦
እሺ፣ ምሳሌ ካልታየ ክርክሩ አያልቅም። እኔ አንድ አዘጋጅቻለሁ። እንግሊዞች አልፎ አልፎ ብቻ ለሚሆን ነገር «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» ይላሉ፣ የእኛው «ከስንት አንዴ» ማለት ነው። ዛሬ ብሉ ሙን የሚባለው በአንድ የፈረንጅ ወር ውስጥ ጨረቃ ሁለተኛ ጊዜ ስትሞላ ነው። ቀለሟ ሰማያዊ አይሆንም፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይሄን ስለሆነ ቀድሜ ልናገር። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አንዴ ይመጣል። በ2015 ክረምት የነበረውን ታስታውሳላችሁ፣ የዓለም ዜና ሁሉ እሱን ነበር የሚያወራው። ኦገስት 1 ሞላች፣ ኦገስት 31 ደገመች። አሁን ጥያቄው ይምጣ፦ በእኛ አቆጣጠርስ ብሉ ሙን ነበር?

ገንዘብ ያዥ፦
ጨረቃዋ አንድ አይደለች እንዴ? ነበር እንጂ።

የሆጤው፦
አልነበረም! የመጀመሪያዋ ሐምሌ 25 ዋለች፣ ሁለተኛዋ ነሐሴ 25። ሁለት ወር። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ ጨረቃ ደግሞ ከሙላት እስከ ሙላት 29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። በአንድ የእኛ ወር ውስጥ ሁለቴ እንድትሞላ የግድ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን መሙላት አለባት። ፈረንጆቹ ባለ 31 ቀን ወር ስላላቸው ነው ቶሎ ቶሎ የሚገጥማቸው።

የሰኞ ገበያው፦
እኔ ልጨምር። በሒጅራማ ጭራሽ አይመጣም። ወሩ የሚገባው በጨረቃ ነው፣ በ14 በ15 ትሞላለች፣ አለቀ። ሁለተኛ ሙላት ከየት ይመጣል? ይሄ ብሉ ሙን የምትሉት የፈረንጅ ካላንደር ጣጣ ነው ወላሂ። ግን ደስ ይላል። ልጆቼ ሦስቱንም አቆጣጠር ቤት ውስጥ ይሰማሉ፣ ይህን ብትጠይቋቸው ሲከራከሩ ያመሻሉ።

መምህሩ፦
ሐጂ፣ ይህን ክፍል እርስዎ ያስረዱልን። እኔ እንግሊዝኛውን እይዛለሁ።

የሰኞ ገበያው፦
አብሽር። ሱቁን ልጁ ይይዛል።

የሆጤው፦
ዋናውን ረሳሁት። ግንቦት 23 ቀን 2018 ሌላ ብሉ ሙን አለ፣ በፈረንጅ ሜይ 31። የምትሞላው እሑድ ረፋድ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቅዳሜ ግንቦት 22 ማታ ብናያት በዓይን ሙሉ ናት። ቆጥሬዋለሁ፣ ሰባተኛው ሳምንታችን ላይ ይውላል። ደመና ካልጋረደን ከትምህርቱ በኋላ ወጥተን እናያታለን።

ጸሐፊዋ፦
ይሄ ይግባ። ሌላ ምሳሌ ያለው?

ገንዘብ ያዥ፦
የመምህር ካትስ ኤንድ ዶግስ ታሪክ አለው እኮ። ድሮ እንግሊዝ አገር ድመትና ውሻ የሣር ክዳን ውስጥ ይተኙ ነበር፣ ዝናብ ሲበረታ ተንሸራተው ይወድቃሉ።

መምህሩ፦
ተው ወንድሜ። ያ በኢሜይል ሲዞር የኖረ ፈጠራ ነው። ደግሞ አስበው፣ ውሻ ዝናብ ሲመጣ ጣራ ላይ ምን ይሠራል? የአባባሉ መነሻ በርግጠኝነት አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ለልጆቹ እንደ እውነት እንዳንነግር ረቂቁ ላይ አንድ መስመር ይግባልኝ። መነሻው የማይታወቅ ከሆነ «አይታወቅም» እንላለን። የውሸት ታሪክ ከፈሊጡ በላይ ይጣበቃል፣ ይኸው አንተ ላይ ተጣብቆ የለ።

ዲያቆኑ፦
ስለ ውሸት ካነሳችሁ ሰጎን አለችላችሁ። «በሪ ዩር ሄድ ኢን ዘ ሳንድ» የሚባለው ችግርን ላለማየት ጭንቅላትን አሸዋ ውስጥ መቅበር ነው፣ ከሰጎን የመጣ። ሰጎን ግን እንዲህ አታደርግም። እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፣ ጎንበስ የምትለው እሱን ለማገላበጥ ነው፣ ከሩቅ ላየ ሰው የተቀበረች ትመስላለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል የሚደረገው ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም ስለሚባል ነው፣ የትጋት ምልክት ናት። ያንኑ ወፍ አንዱ ሕዝብ ሰነፍ አደረጋት፣ ሌላው ጠባቂ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ጉልላት ላይ ያለው የምን እንቁላል ነው? ከዚያ ወዲያ ፈሊጡ ራሱ ይመጣል።

ሾፌሩ፦
እኔ እንግሊዝኛ አልችልም ግን አንድ አውቃለሁ። ምሩጽ ይፍጠርን ፈረንጆች «ይፍተር ዘ ሺፍተር» ነበር የሚሉት። እኛ ማርሽ ቀያሪው እንለዋለን። በ1980 በፈረንጅ፣ ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም የወሰደው መጨረሻ ላይ ማርሽ እየቀየረ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ስወጣ ሁሌ እሱን ነው የማስበው።

የኮምቦልቻዋ፦
ጋሼ፣ እንግሊዝኛ አልችልም ብለህ ምርጡን አመጣኸው! እኛ ፋብሪካ ሺፍት የምንለው ፈረቃን ነው። ያው ቃል መሆኑን ዛሬ ገና ገባኝ። «ሺፍት ጊርስ» ማርሽ መቀየር፣ «ናይት ሺፍት» የሌሊት ፈረቃ። አንድ ገጽ ሙሉ ይወጣዋል።

መምህሩ፦
ቤት ቤቱንም አትርሱት፣ ይፍተር ከሺፍተር ጋር። ቅጽል ስሙ የያዘው በዚያም ጭምር ነው። ጋሼ የመጀመሪያው ሳምንት ያንተ ነው።

ሾፌሩ፦
እኔ መድረክ ላይ አልቆምም። ወረቀቱን በነጻ አወርዳለሁ፣ እሱ ይበቃኛል።

የኮምቦልቻዋ፦
ወረቀት ከተነሳ፣ እኛ ቅዳሜ ሥራ ነን። 25 ኪሎ ሜትር ወጥተን መማር አንችልም። እሑድ ከሰዓት እዚሁ ኮምቦልቻ ይደገምልን፣ በዚያው ወረቀት። ይሄ ካልገባ የጋራ ሐሳብ አትበሉት፣ የደሴ ሐሳብ በሉት።

ጸሐፊዋ፦
ተቀብያለሁ። ቁጣሽም ተመዝግቧል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሒሳቡ ይኸው። ደሴ 40፣ ኮምቦልቻ 30 ሰው። ለአንድ ሰው በሳምንት ሁለት ገጽ። ለ8 ሳምንት 1,120 ገጽ። ኮፒ በ5 ብር ቢሆን 5,600 ብር። በ25 ፈሊጥ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ እጥፍ ይሆን ነበር፣ ስለዚህ ሳልወድ በግዴ ከመምህር ጋር ነኝ።

ዲያቆኑ፦
በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ የአማርኛ ፈሊጥ ይኑር። «ሆደ ሰፊ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ አዙሩት ብትሏቸው ቦርጫም ሰው ይወጣቸዋል። የእንግሊዝኛውም ቃል በቃል እንደማይተረጎም የሚገባቸው ያኔ ነው።

መምህሩ፦
በጣም። «እጁ ረጅም ነው»፣ «ጆሮ ጠቢ»፣ «ዓይን አውጣ»፣ ስንት አለ መሰላችሁ። ቡና ላይ ተቀምጠን ብቻ 50 እንሰበስባለን።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ የምጽፈው ይህን ነው፣ አንብቡት።

«በየሳምንቱ አንድ አጭር ዜና ወይም የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ በቀላል እንግሊዝኛ ይነበባል፤ ከሰማይ፣ ከእንስሳት፣ ከስፖርት ወይም ከምግብ። ፖለቲካና የአደጋ ዜና አይገባም። ከሦስት የማይበልጥ ፈሊጥ ይያዛል፣ ለእያንዳንዱ የአማርኛ አቻ ወይም ተቃራኒ ይፈለጋል። መነሻው ያልተረጋገጠ ታሪክ እንደ እውነት አይነገርም። ቅዳሜ ደሴ፣ እሑድ ኮምቦልቻ። የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች በቡድን የጥያቄ ውድድር ነው።»

የሰኞ ገበያው፦
ሽልማቱ ምንድን ነው? ያለ ሽልማት ውድድር የለም። ቆሎ እኔ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቆሎ?

የሰኞ ገበያው፦
በር ላይ ይበላል።

ጸሐፊዋ፦
ቆሎው ሐሳቡ ላይ አይጻፍም፣ በቃል ይቆይ። ማህተሙ ማን ጋር ነው?

ሾፌሩ፦
እኔ መኪና ውስጥ፣ ባለፈው ትታችሁት ወረዳችሁ። ነገ እስከ አራት ሰዓት ፒያሳ ነኝ። ከዚያ ካለፈ ማህተሙም እኔም ኮምቦልቻ ነን።