ባለ 9 ክር ካስገባሁ ወዲህ ጊታሬ ዝዝ ይላል፤ ማንን ልስማ?

ጠያቂ፦ የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጊታሬ ስትራቶካስተር መሳይ፣ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ነው። የምጫወተው በአምልኮ ቡድን ውስጥ ነው። ድሮ ባለ 10 ክር ነበር የማስገባበት (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው እንጂ ብዛቱ አይደለም)። ባለፈው ሱቅ ስሄድ አለቀ ተባልኩና ባለ 9 ገዛሁ። በዚያው ሰሞን ለዘማሪዋ ድምፅ እንዲመች ሁላችንም ግማሽ ቶን ወርደን መቃኘት ጀመርን።

አሁን ወፍራሞቹ ሦስት ክሮች ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ድረስ ዝዝ ይላሉ። ከ12 በላይ ምንም የለም። አንዱ ጓደኛዬ "ፍሬቱ አልቋል፣ በብርጭቆ ወረቀት እንሙርደው" ይላል። ሌላው "ክሩን ከፍ አድርገውና ተገላገል" ይላል። እዚህ ጊታር የሚሠራ ሰው አላውቅም። ምን ትላላችሁ?

ባለ ባሱ

ወንድሜ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ሰውዬ ከጊታርህ አርቀው። የተሞረደ ፍሬት መልሶ አይበቅልም።

መጀመሪያ አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ከፍተህ ስማ። ኤሌክትሪክ ጊታር ሳይሰካ ትንሽ ዝዝ ማለቱ ያለ ነው። በአምፕ ካልተሰማ ተወው፣ ጉባኤውም አይሰማውም። ደግሞ ክሩን ሳትነካ አምፑ ዝም ብሎ እምም የሚል ከሆነ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ከመብራቱ የሚመጣ ነው እንጂ ፍሬት አይደለም።

የታቦር ልጅ

በአምፕም ይሰማል። ኖታውም ቶሎ ይሞታል።

እንጨት ሠሪው

ልጄ፣ መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። ክሩን አቀጠንክ፣ ከዚያ ደግሞ ቅኝቱን አወረድክ። ሁለቱም የክሩን ጉልበት ይቀንሳሉ።

የጊታር አንገት ሁለት ወገን የሚጓተቱበት እንጨት ነው። ክሮቹ ወደ ፊት ይስቡታል፣ ውስጡ ያለው ብረት (ትረስ ሮድ የሚሉት) ወደ ኋላ ይይዘዋል። ክሩ ሲላላ ብረቱ ያሸንፋል። አንገቱ ቀጥ ይላል፣ ከባሰም ወደ ኋላ ይለመጣል። ክር ደግሞ ሲመታ መሐሉ ላይ ሰፋ አድርጎ ነው የሚወዛወዘው። ስለዚህ አንገቱ ትንሽ ጎድጎድ ማለት አለበት። ያ ጎድጓዳ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጮኹት አንተ ያልካቸው የታች ፍሬቶች ናቸው። የላላ ክር ደግሞ በሰፊው ነው የሚወዛወዘው፣ ነገሩን ያብሰዋል።

አሁን ለካ። ጊታሩን በምትጫወትበት ቅኝት ቃኘው። ስድስተኛውን (በጣም ወፍራሙን) ክር በግራ እጅህ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝህ የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫን። ክሩ ራሱ ማስመሪያ ሆነልህ ማለት ነው። ከዚያ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ። ሩብ ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። በምን እለካለሁ እንዳትል! የድሮውን ባለ 10 ክር ካልጣልከው ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች ነው፣ 0.25 ሚሊሜትር ማለት ነው። ቁራጩን በክፍተቱ ውስጥ አሳልፈው። ክሩን ሳያነሳው ካለፈ አንገቱ ደህና ነው። ገፍቶ ካነሳው አንገቱ ቀጥ ብሏል።

ክራር ወዳድ

አንገት መነካካት ምን አመጣው? ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚታሰሩበት) ላይ ሳድሏን፣ ክሩ የሚያርፍባትን ብረት፣ ከፍ ማድረግ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ተገላግያለሁ።

እንጨት ሠሪው

ያንተ ዝዝ የሚለው ላይኛው ፍሬት ላይ ከነበረ ልክ ነህ። የእሱ ግን ታች ነው። ሳድሏን 1 ሚሊሜትር ብታነሳት 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ግማሽ ሚሊሜትር ይነሳል። 1ኛው ፍሬት ላይ ግን 0.06 እንኳ አይሞላም። እጁን አድክሞ ዝዝታው እዚያው ይቀራል።

ልጄ፣ ክፍተት ከሌለ ትረስ ሮዱን ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ ፍታው። ቀዳዳው ወይ የጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ያሉበት) ጋ ወይ አንገቱ ገላው ላይ የሚታሰርበት ጋ ነው። አለን ቁልፉ (ባለ ስድስት ጎኑ መፍቻ) ልክክ ማለት አለበት። የኢንቹን በሚሊሜትር ቁልፍ ብትታገለው ጥርሱን ትበላዋለህ። አልዞርም ካለህ አታስገድደው። ከፈታህ በኋላ እንደገና ቃኝና አሳድረው፣ እንጨት ቶሎ አይታዘዝም።

ከአዳማ

ጣልቃ ልግባ። እኛ ጋ በጋ ሲሆን የፍሬቱ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። እሱም ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ባለ ባሱ

እሱ ሌላ ነው። እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ብረቱ አይኮማተርም፣ ጫፉ ይወጣል። ጊታሩን ከረጢቱ ውስጥ አስቀምጠው፣ ፀሐይ ላይና መኪና ውስጥ አትተወው።

የታቦር ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት ቁራጩ ክር አላልፍ አለ፤ ክፍተት የሚባል ነገር አልነበረም። ሩብ ዙር ፈትቼ አሳደርኩት፣ አሁን ያልፋል። የታች ፍሬቶቹ ጸድተዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አራተኛው ክር 9ኛው ፍሬት ላይ ስጫነው ጠጭ ብሎ ይሞታል፣ ሌላ የትም የለም።

ባለ ባሱ

አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ፍሬት፣ 10ኛው፣ ከፍ ብሏል። የባንክ ካርድህን አጭሩን ጎን አራተኛው ክር ሥር 9፣ 10 እና 11ኛው ላይ አቁመው። እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ካለ አገኘኸው።

የታቦር ልጅ

ወዲያና ወዲህ ይላል! በጥፍሬ ስጫነው ደግሞ 10ኛው ፍሬት በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ትንሽ ይነቃነቃል።

እንጨት ሠሪው

ተነስቷል እንጂ አልረዘመም፤ ሞረድ አይነካውም። ክሮቹን አላላና ወደ ጎን አድርጋቸው። አንገቱን ከሥር በተጠቀለለ ጨርቅ ደግፈው፣ ፍሬቱ ላይ ትንሽ ጠንካራ እንጨት አስቀምጥና እንጨቱን በቀስታ ምታ። ፍሬቱን በቀጥታ በመዶሻ እንዳትነካው። መልሶ ከተነሳብህ ሥሩ ሙጫ ይፈልጋልና እሱን አናጢ ጋ አድርገው፣ ቀጭን ሙጫ የያዘ አይጠፋም።

በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ በማስመሪያ እይ። ወፍራሙ 2 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ 1.5 ገደማ ከሆነ ለአንተ ይበቃል። ባለ 10 ክር ስታገኝ ደግሞ እንደገና ለካ፣ የፈታኸውን ሩብ ዙር መልሰህ ማጥበቅ ሊያስፈልግህ ይችላል።