የጉባኤያችን ተስፋ በቤት ሠራተኝነት ላሉ ልጆች ምን ይላቸዋል?

የማርቆስ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። በካቶሊክ ቁምስናችን የፍትሕና ሰላም አገልግሎት ያለን ጥቂት ሰዎች እምነትን፣ ተስፋንና ማኅበራዊ ፍትሕን የሚያገናኝ የሁለት ቀን ጉባኤ ባሕር ዳር ላይ ለማካሄድ እየተዘጋጀን ነው፤ የመክፈቻው ትምህርትም ለእኔ ተሰጥቶኛል። ስለ ተስፋ ለመናገር አልተቸገርሁም። እ.ኤ.አ. የ2025 ኢዮቤልዩ (የቤተ ክርስቲያናችን ቅዱስ ዓመት) መሪ ሐሳቡ የተስፋ ነጋድያን፣ ማለትም መንፈሳውያን ተጓዦች፣ መሆን ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያወጁበት መልእክትም ከሮሜ መልእክት «ተስፋ አያሳፍርም» ከሚለው ቃል ስለሚነሣ፣ የሚባለው ነገር በእጄ ሞልቷል።

የተቸገርሁት ስለ ድኾች በባለሥልጣናት ፊት መሟገት በሚለው ላይ ነው። በየዓመቱ በዋሽንግተን በሚደረገው የካቶሊኮች የማኅበራዊ አገልግሎት ጉባኤ፣ ተሳታፊዎቹ ከጸሎቱና ከትምህርቱ በኋላ ወደ ምክር ቤት ተወካዮቻቸው እየሄዱ የድኾችን ጉዳይ ያስረዳሉ። እኛ ቁጥራችን ጥቂት፣ ጊዜውም ለመንገድ የማይመች ሆኖ ሳለ ይህን በምን መልክ እናድርገው? አንድ አባትም «ፖለቲካ ውስጥ እንዳትነክሩን» ብለው አስጠንቅቀውኛል፤ ስጋታቸውን አልንቀውም።

ካቴኪስት (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ የአባታችን ፍርሃት ምክንያት አለው፤ ትምህርቱ ግን ራሱ ከአደባባይ የራቀ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ በጻፉት መልእክት፣ የሠራተኛን ደመወዝ መቀማት ወደ ሰማይ የሚጮኽ በደል መሆኑን የያዕቆብን መልእክት ጠቅሰው አስተምረዋል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍም ይህንኑ ከነፍስ ግድያ ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጦታል። ኢዮቤልዩም ቢሆን በዘሌዋውያን 25 ላይ፣ በድኽነት ለሰው ያደረው ወደ ቤተሰቡ፣ የተሸጠው መሬትም ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው።

ስለዚህ ስለ ድኽነት በጠቅላላው አትናገሩ፤ አንድ ጉዳይ ያዙ። እኔ ብጠየቅ የቤት ሠራተኞችን እመርጣለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ፣ ከገጠር የመጣች፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የተፈቀደላት ሰዓት ሲያልቅ ሳትታይ ለመውጣት እንዲመቻት ነው። የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ የያዘችው ሳንቲም ለሙዳየ ምጽዋቱ ነው። ደመወዟን ስጠይቃት «እናቴ ስትመጣ በአንድ ላይ ይሰጣታል» አለችኝ፤ እናቷ ከመጣች ግን ዓመት ሊሞላት ነው። ለዚህች ልጅ ተስፋ ምን እንደሆነ ሳትመልሱ ብትለያዩ ጉባኤው ምሳው ያማረ ስብሰባ ሆኖ ይቀራል።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦
በሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ውስጥ የሚሰጠውን የግል አገልግሎት ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል፤ ይህ ማለት ልጅቷ የፋብሪካ ሠራተኛ በዚያ አዋጅ የምታገኘውን ጥበቃ አታገኝም ማለት ነው። መብት የላትም ማለት ግን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ቤት ለሚኖር ሠራተኛ ስለ ማደሪያው፣ ስለ ምግቡና ስለ ዕረፍቱ አሠሪው ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል።

ጭንቁ ማስረጃው ላይ ነው፤ በቃል የተቀጠረች ልጅ «አልተከፈለኝም» ስትል አሠሪዋ «ከፍያለሁ» ካሉ ማን ይመሰክርላታል? ደላላው እንደሁ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል። ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና ገንዘቡን የሚቀበለውን ሰው ብቻ የያዘ አንድ ገጽ ውል፣ ሁለት ምስክር የፈረሙበት፣ ብዙ ክርክር ይዘጋል። የፖለቲካውን ስጋት በተመለከተ፣ አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ለማንኛውም ሰው የተሰጠ መብት ነው፤ የሕጉን ክፍተት ለተወካይ ማስረዳት የፓርቲ ሥራ አይደለም።

የእነብሴ ሰው፦
እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ከመርጡለ ማርያም አካባቢ። እንግዳ ሆኜ ከገባሁ ይቅርታ። በጎጃም እናንተ ጥቂት ናችሁና ብቻችሁን የምታሰሙት ድምፅ ሩቅ አይሄድም። ደግሞም በመርጡለ ማርያም መንኩሰው በኋላ ወደ ካቶሊክ የገቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1855 እንደታሰሩ ያረፉትና በ1926 በሮም ብፁዕ የተባሉት የአባ ገብረ ሚካኤል ታሪክ በእናንተም በእኛም ቤት አንድ ዓይነት አይነገርም። ጉባኤውን በእሳቸው ብትከፍቱት የጎረቤት ልብ ይዘጋል፤ በደመወዙ ብትከፍቱት ግን እኛም የያዕቆብን መልእክት እናነብባለን።

ወደ እድር ሂዱ። የእድር ዳኛ «ውል ሳትጽፉ አትቅጠሩ» ብሎ ሲናገር፣ ከመምሪያ የተላከ ደብዳቤ የማያገኘውን ጆሮ ያገኛል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ልጆቹን መድረክ ላይ አውጥታችሁ አታናግሯቸው። ጉባኤው ሲበተን እናንተ ወደ ቤታችሁ፣ እነሱ ወደ አሠሪያቸው ቤት ነው የሚመለሱት፤ በዚያው ማታ ሻንጣዋ ደጅ ሊወጣ ይችላል።

ካቴኪስት (ባሕር ዳር)፦
በመጨረሻው አልስማማም ልል ነበር፤ ባለጉዳዩ ራሱ ካልተናገረ ሌላው ስለ እሱ መናገሩ ልማድ ይሆናል ብዬ። ሻንጣውን ሳስበው ግን ተውሁት። ከአሠሪዎቻቸው የወጡና አሁን በራሳቸው የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ እነሱ ይናገሩ።

የማርቆስ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዕቅዱን ለውጬዋለሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ትምህርትና ጸሎት ይሆናል፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ተወካይ ከመሄዳችን በፊት ከየአካባቢያቸው የእድር ዳኞችን ጋብዘን የአንድ ገጹን ውል አብረን እናነብባለን። ሕግ አዋቂው ረቂቁን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ትናንት ማታ ይህን ለባለቤቴ ሳነብላት፣ የእኛዋ ልጅ ወጥ ቤት ሰሃን ታጥብ ነበር። ባለቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእሷን ውል መቼ ጻፍነው?» አለችኝ። አልጻፍነውም። ዛሬ ወረቀት ገዝቻለሁ፤ ምስክር የሚሆነን ሰው ግን ከእሷ ወገን ማንን እንጥራ?