ፒያሳ ያለ ቤት በባንክ ሐራጅ ለመግዛት፦ ሲፒኦ ከማሠራታችን በፊት ጠበቃ ምን ያጣራልን?

ሰባ ደረጃ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከሰባ ደረጃ ብዙም ሳይርቅ ያለ ቤት በባንክ ሐራጅ ወጥቷል። ማስታወቂያው «ለሁለተኛ ጊዜ» ይላል። ተበዳሪው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን ቤቱን ያስያዙት ግን ሌላ ግለሰብ፣ አንዲት እናት ናቸው። ቦታው 175 ካሬ ነው፤ ካርታው ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ ቦታ)፣ አገልግሎቱ መኖሪያ ይላል። በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ግን ሱቅ ሆነው ተከራይተዋል። መነሻ ዋጋው 18 ሚሊዮን ብር ነው። ከእህቴ ጋር በጋራ ልንገዛው አስበናል፤ እሷ ውጭ ናት፣ ዜግነት ቀይራለች፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አላት።

ደላላው «ሐራጅ ከሆነ ዕዳው ሁሉ ይጸዳል፣ ለጠበቃ ገንዘብ አታባክን» ይለኛል። እውነት ነው? ጠበቃ ብንይዝ በትክክል ምን እንዲሠራልን እንጠይቀው?

የልደታ ጠበቃ

የደላላውን ምክር ተወው፣ ወንድሜ። የጠበቃ ሥራ የሚጠቅመው ሲፒኦው (ለጨረታ ማስያዣ የሚቀርበው የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ከመሠራቱ በፊት ነው። ጨረታውን ካሸነፋችሁ በኋላ የሚገኝ ችግር በአብዛኛው በክስ ነው የሚፈታው።

መጀመሪያ ሻጩ ማን እንደሆነ ለይ። ያንተኛው ባንኩ ራሱ የሚሸጠው ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 እና ባሻሻለው 216/1992 መሠረት፣ በመያዣ ውሉ ላይ ከተስማሙ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይሸጣል፤ ስሙንም ለገዢ ያዛውራል። አካሄዱ ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ድንጋጌዎች (ከ394 እስከ 449) መከተል አለበት፤ ይህን ጥሶ ባለዕዳውን ከጎዳ ካሣ ይከፍላል። የፍርድ ቤት ሐራጅ ሌላ ነው። እዚያ የሚሸጠው በአፈጻጸም መዝገብ ትእዛዝ ነው፤ «ንብረቱ የእኔ ነው» የሚል ሦስተኛ ወገን በቁጥር 418 ይቃወማል፣ ጉልህ የአካሄድ ጉድለት ወይም ማጭበርበር አለ የሚል ደግሞ በ445 ሐራጁ እንዲፈርስለት ያመለክታል። የሁለቱን ምክር የሚያደባልቅ ሰው ካጋጠመህ ሌላ ጠበቃ ፈልግ።

ባንተ ጉዳይ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ አስያዥዋ ናቸው። ጠበቃህ ባንኩ ሕግ ክፍል ሄዶ የመያዣ ውሉን ዋናውን ያንብብ። ፎቶ ኮፒ ባይሰጡት እንኳ እዚያው ቁጭ ብሎ ያንብበው። ውሉ በተፈረመበት ቀን ባለትዳር ነበሩ? ከነበሩ የባል ፊርማ አለ? ካልነበሩ ያላገቡ ለመሆናቸው ማስረጃ ተያይዟል? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ለሦስተኛ ወገን መብት ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን በአንቀጽ 69 መሠረት ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የውሉን ቀን ከዛሬ ቀን ጋር አስተያዩ። አስያዥዋ በሕይወት ካልኖሩ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ለማን እንደደረሰ ይጠየቅ፤ ለሞተ ሰው ስም የተላከ ደብዳቤ ለወራሾች ጥሩ የክስ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የመያዣው ምዝገባ ነው። ሻጩ ባንክ አንደኛ ደረጃ መያዣ ያለው ነው ወይስ ሁለተኛ? ምዝገባው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለ10 ዓመት ነው የሚጸናው፤ የቆየ ብድር ከሆነ መታደሱ ይታይ። ከዚያ በይዞታው ፋይል ላይ የፍርድ ቤት እገዳ አለ? ፋይሉ ለማንም መንገደኛ ስለማይከፈት ባንኩ ለክፍለ ከተማው ይዞታ ምዝገባ «የዕዳና እገዳ ሁኔታ ይገለጽልን» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁ። ባንኩ የቆየ መልስ ካሳያችሁ አትቀበሉ፤ የዚህ ወር ይሁን።

ስለዚህ «ሁሉ ይጸዳል» ስህተት ነው። የሻጩ ባንክ መያዣ ይነሣል። እገዳ ካለ ግን የማንሻ ትእዛዝ እስኪመጣ ካርታው በስማችሁ አይዞርም፤ ውዝፍ የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ፣ የውኃና የመብራት ዕዳም ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ሲጠየቅ ይወጣል።

የብድር ክትትል

ጠበቃው ሕጉን ብሏል፤ እኔ ገንዘቡን ልጨምር።

አብዛኞቹ ባንኮች የመነሻ ዋጋውን 25 በመቶ በሲፒኦ ያስይዛሉ። የእርስዎ 4.5 ሚሊዮን ይሆናል። ሲፒኦው በማስታወቂያው ላይ በተጻፈው የባንኩ ስም ልክ ይሠራ፤ በአህጽሮት ወይም በቅርንጫፍ ስም የተሠራ ሲፒኦ ይዘው ቢቀርቡ በር ላይ ሊመለሱ ይችላሉ። ምዝገባው ብዙውን ጊዜ ከሐራጁ በፊት ባሉት አንድ ሁለት ሰዓታት ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ ተጨማሪ ደቂቃ አይለመንም።

ካሸነፉ ያስያዙት ከዋጋው ይታሰባል፣ ቀሪው በ15 ቀን ውስጥ ይከፈላል። ሳይከፍሉ ቀኑ ካለፈ ያስያዙት አይመለስም። «የባንኩን መስፈርት ለሚያሟላ ብድር ይመቻቻል» የሚለው መስመር ላይ አይደገፉ። መስፈርቱን ሳያሟሉ ቢቀሩ 15 ቀኑ አይቆምልዎትም። ብድር ካስፈለገዎት ከሐራጁ በፊት ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይያዙ።

ሒሳቡን በ21 ሚሊዮን ብታሸንፉ ብለን እንሥራው። ለዓመታት የተለመደው ስሌት 2 በመቶ ቴምብር ቀረጥና 4 በመቶ የስም ማዛወሪያ ነው፦ 420 ሺህ እና 840 ሺህ። የሰሞኑን ታሪፍ፣ እንዲሁም ስሌቱ በሐራጁ ዋጋ ይሁን በመንግሥት ግምት፣ ከክፍለ ከተማው መስኮት አስቀድመው ይጠይቁ። አሁን የማስታወቂያውን የመጨረሻ መስመሮች ያንብቡ። «ከሽያጩ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ታክስና ክፍያ በገዢ ይሸፈናል» የሚል ካለ፣ በሕግ የሻጭ የሆነው የካፒታል ዕድገት ግብርም (ከሽያጩ ትርፍ ላይ የሚከፈለው) እርስዎ ላይ ሊመጣ ነው። ሱቆቹ ምክንያት ሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል ከተባለ ደግሞ 15 በመቶው 3 ሚሊዮን 150 ሺህ ነው። ይህን ባንኩ በደብዳቤ ይመልስልዎ። በቃል «አይመለከትዎትም» የሚል ሠራተኛ ቀኑ ሲደርስ ተቀይሮ ሊገኝ ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር፦ በሐራጁ ዋዜማ ይደውሉ። ተበዳሪው ዕዳውን ከፍሎ ጨረታው ሊቀር ይችላል፤ ባንኩም የመሰረዝ መብቱን በማስታወቂያው ይዟል። በሩ ላይ «ይህን ያህል ስጠኝና አልጫረትም» የሚል ሰው ከመጣ አይነጋገሩ። ተነጋግሮ መጫረት ሐራጁን የሚያፈርስ ማጭበርበር ነው።

መሐንዲስ ካዛንቺስ

ወገኖች፣ ወረቀቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ቤቱ ሊፈርስ ይችላል። የከተማው መሐል ላይ ነን። ካዛንቺስና ፒያሳ በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ምን ያህል እንደተቀየሩ ሁሉም ያያል። ከሰባ ደረጃ አጠገብ 18 ሚሊዮን የሚጠየቀው ለጭቃው ቤት ሳይሆን ለቦታው ነው፤ መሬቱ ግን የመንግሥት ነው። ይዞታው ለልማት ቢፈለግ በአዋጅ 1161/2011 የንብረት ካሣ የሚሰላው በቦታው ላይ ላለው ግንባታ እንጂ በሐራጅ ለከፈላችሁት ዋጋ አይደለም። ተለዋጭ ቦታ ወይም ቤት ቢሰጥም መሐል ፒያሳ ይሁን ብላችሁ አትጠብቁ። ስለዚህ የካርታውን ቁጥርና መለያ ኮድ ይዛችሁ የፕላን ስምምነት ሁኔታውን ጠይቁ፦ ቦታው በመልሶ ማልማት ክልል ነው? የመንገድ ማስፊያ ይነካዋል? ምን ያህል ፎቅ ይፈቀዳል?

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። በአሮጌ ሰፈር ካርታው 175 ይላል፣ አጥሩ ውስጥ 190 ይገኛል፤ ትርፉ የጎረቤት ወይም የመንገድ ነው። የምታዩት ኩሽናና ሽንት ቤት ከካርታው ውጭ ሊሆን ይችላል። በተለይ ሁለቱ ሱቆች፦ የፊት ግድግዳቸው ከካርታው ወሰን በ60 ሳንቲ ሜትር ወደ መንገዱ ቢወጣ እንኳ ስም ሲዛወር ልኬቱ ላይ ይያዛል።

ነባር ይዞታ መሆኑን አትርሱ። በሊዝ አዋጁ (721/2004) ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። የሊዝ ክፍያው ስንት እንደሚመጣ ገምታችሁ በሐራጁ ልታቀርቡ ከወሰናችሁት ከፍተኛ ዋጋ ላይ ቀንሱ።

ሰባ ደረጃ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህቴ ነገርስ? ጠቅላላ ውክልና ልካልኛለች። ተከራዮቹስ?

የልደታ ጠበቃ

እህትህ በአዋጅ 270/1994 ቢጫ ካርድ ይዛ ቤት መግዛት ትችላለች። ውክልናው ላይ ግን ተጠንቀቅ። ጠቅላላ ውክልና በሕግ የአስተዳደር ሥራን ነው የሚሸፍነው። አዲሱ ውክልና በግልጽ «በሐራጅ ለመጫረት፣ ዋጋ ለማቅረብ፣ ሲፒኦ ለማስያዝና ለመቀበል፣ የሽያጭ ውል ለመፈረም፣ ቀረጥ ለመክፈልና ካርታ በስሜ ለማዛወር» ይበል። ኤምባሲ ካረጋገጠው በኋላ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይታያል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ካልደረሰላችሁ ብቻህን ገብተህ በኋላ እሷን አስገባለሁ አትበል፤ ሁለተኛ ዝውውር ሁለተኛ ክፍያ ነው። በጋራ ስትገቡም ሲፒኦው ላይና ምዝገባው ላይ የሁለታችሁም ስም ይኑር።

ስለ ተከራዮቹ፦ የኪራይ ውላቸውን ቅጂ ባንኩ ካለው ውሰድ፤ ከሌለው ሱቆቹን ጠይቅ። ውሉ የተጻፈበትን ቀን ከመያዣው ምዝገባ ቀን ጋር አስተያየው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (1320/2016) ዝቅተኛውን የ2 ዓመት ዘመን ለመኖሪያ ነው ያስቀመጠው፤ ሱቆቹ በራሳቸው ውል ነው የሚዳኙት። ቤቱን ባንኩ ባዶውን ያስረክባል ወይስ ማስለቀቁ የገዢ ነው? ማስታወቂያው ዝም ካለ ማስለቀቁን የእናንተ ብላችሁ ቁጠሩ፣ የክስ ወጪና ጊዜም አስቡበት።

የአስያዥ ልጅ

ከወዲያኛው ወገን ልጠይቅ። የእናቴ ቤት ለሌላ ሰው ብድር ተይዞ ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። በርካሽ እንዳይሸጥ ምን እናድርግ?

የብድር ክትትል

እህቴ፣ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ፣ 30 ቀኑ ከዚያ ይቆጠራል። ሐራጁ ሳይደርስ በባንኩ ፈቃድ በግል መሸጥ ይቻላል፦ ገዢው ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል፣ ባንኩ የመያዣ ማንሻ ደብዳቤ ይሰጣል፣ የቀረው ለእናትሽ ይከፈላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከሐራጁ ይሻላል። ጥያቄውን ገዢ ይዛችሁ በጽሑፍ አቅርቡ፤ «ገዢ እንፈልጋለን» የሚል ማመልከቻ ብቻውን አያስቆምም። የባንኩ ግምት አንሷል ካላችሁ ፈቃድ ካለው ገማች የራሳችሁን አሠርታችሁ ከማስታወቂያው በፊት አስገቡ፤ ከታወጀ በኋላ ጆሮ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ከተሸጠ ደግሞ ዕዳው፣ ወለዱና ወጪው ተቀንሶ ትርፉ የእናትሽ ነው፤ ዝርዝር ሒሳብ በጽሑፍ ጠይቁ። ለጠበቃ አቅም ካነሰ ስድስት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

መሐንዲስ ካዛንቺስ

ለጠያቂው አንድ ልጨምር። ካሸነፋችሁ የመጨረሻውን ብር ስትከፍሉ ከባንኩ እነዚህን ሳትይዙ አትውጡ፦ የሐራጁ ቃለ ጉባኤ፣ የሽያጭ ውሉ፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ ዋናው ካርታ፣ የመያዣ ማንሻ ደብዳቤ፣ ለክፍለ ከተማው የተጻፈ የስም ማዛወሪያ ደብዳቤ። በደብዳቤው ላይ የካርታ ቁጥሩ፣ የቦታ ስፋቱና የሁለታችሁ ስም በመታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። «ሃ» እና «ሐ» ተለዋውጦ ቢገኝ ባንኩ ሌላ ደብዳቤ እስኪጽፍ ፋይሉ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል።